የቦታ አጠቃቀም ሥርዓትና የሐዋሳ መናኸሪያ

ከአገራችን ከተሞች የሚበዙት የተቆረቆሩት በጦር ሰፈር፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም በገበያ ዳር ነው። አዲስ አበባም በመኳንንቱ ሰፈር ዙሪያ ስላደገች፣ በብዙ ስፍራዋ መንገዱ የመጣው ከቤቱ በኋላ ነው። በ1952 ዓ.ም. ከሐይቁ ዳር የተመሠረተችውና ከራስ መንገሻ ሥዩም ስም ጋር አብራ የምትነሣው ሐዋሳ ግን፣ ለጥ ያለው ሜዳ ስለ ረዳት ቀጥ ያለ ጎዳና ለማውጣት ተመቻት።

በዚያው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ። ይኸው ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት የሆነ ሰው ጎረቤቱን እንዳያውክ፣ ጢሱንና ጥላሸቱን፣ ሽታውንና ጩኸቱን ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያሳልፍ ያዛል። የቦታ አጠቃቀም ሥርዓት ሥሩ ይህ ነው። የኒው ዮርክ ከተማም በ1908 ዓ.ም. የሕንጻዎችን ከፍታና አገልግሎት በክልል ስትወስን፣ አንዱ ምክንያቷ የረጃጅም ሕንጻዎች ጥላ የጎረቤቶቻቸውን ብርሃን መከልከሉ ነበር።

መናኸሪያ የተባለው ክፍለ ከተማ ስሙ ራሱ ጉዳዩን ይገልጻል። መንገደኛ በሚሰበሰብበት ስፍራ ምግብ ቤት፣ አልቤርጎ፣ ሱቅና ጋራዥ ይከተላል፤ ከዚያም አጠገብ ልጆቹን የሚያሳድግ ቤተ ሰብ ይኖራል። ሁሉም እንጀራውን የሚያገኝ ሰው ነው። ነገር ግን ወሰን ካልተበጀላቸው፣ ገንዘብ ያለው ሌላውን መግፋቱ አይቀርም።

የአገሪቱ ሕግ ይህን ወሰን ያበጀው ደረጃ በደረጃ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ የመንግሥት አድርጎ፣ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠውን ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ የ1986 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 80 የሊዝን ሥርዓት አመጣ። ከዚያም ዐዋጅ ቁጥር 574/2000 ለከተሞች የአሥር ዓመት መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን ደነገገ። ዐዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ 10,000 ወይም ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የፕላን ስምምነት እንዲጠይቅ፣ ከዚያ በኋላ ንድፉን አቅርቦ ከሕንጻ ሹም ፈቃድ እንዲቀበል አዘዘ።

በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ ጥበብ አለ። የፕላን ስምምነት የሚመልሰው ጥያቄ «በዚህ ቦታ ምን ይሠራ ዘንድ ተፈቅዷል?» የሚል ነው፤ የግንባታ ፈቃድ የሚመልሰው ደግሞ «የታሰበው ቤት ደኅና ነውን?» የሚለውን ነው። መልሱ ቀድሞ የደረሰው ሰው ለማይፈቀድ ሕንጻ ንድፍ አያስነሣም፤ ገንዘቡም በከንቱ አይጠፋም።

ሆኖም ሥርዓት ሁሉ በሚያስፈጽሙት ሰዎች እጅ ነው። ፈቃድ የዘገየበትና ቦታ ያጣ ሰው በሌሊት የሚያቆመውን ጎጆ ሕዝባችን «የጨረቃ ቤት» ብሎታል። ይህ ስም በሕገ ወጡ ሠሪ ላይ የተሰነዘረ ነቀፋ ቢመስልም፣ በቀን ሊሰጠው የሚገባውን መልስ ያላገኘ ሰው እንዳለም ያስረዳል። ቤቱ በፈረሰ ጊዜ የሚጎዳው ድኻው ነው፤ ሳይፈርስ በቀረም ጊዜ መንገዱ የተዘጋበት ጎረቤቱ ነው።

እንግዲህ ሹሙ ፋይሉን በጊዜው ቢያይ፣ መምህሩ የፕላንን ትርጉም ለተማሪው ቢያስረዳ፣ ነዋሪውም ፕላን ሳይጸድቅ ለውይይት ሲጠራ ቢገኝ፣ ወሰኑ ይከበራል። በካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ኃይል የሚያገኘው ለባለጠጋውም ለድኻውም አንድ ሆኖ ሲገኝ ነው።