ያገለገለ መኪና መቼ ይገዛል? ከደላንታ ሜዳ እስከ ደላላው ስልክ

ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነው። ለጥምቀት ማሻ እንሂድ ተባለ። ማሻ በመካነ ሰላም በኩል ናት፤ ከመካከላችን አንዱ የተወለደው እዚያ ነው። ከደሴ ወደ ምዕራብ፣ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ብርዱንም ያውቀዋል። ታዲያ አንዳችን፣ “ለምን አሮጌ ፒካፕ ገዝተን ከኋላው የሸራ ቤት አንሠራለትም? በመሸበት አድረን በነጋበት እንቀጥላለን” አለ። ሳቅን። ከዚያ ግን ብር ማዋጣት ጀመርን።

ፈረንጆቹ ለዚህ ነገር መልስ አላቸው። በአሜሪካ ፒካፕ ላይ የሚጫን፣ አልጋና ምድጃ ያለው ትንሽ ቤት አለ፤ ካምፐር ይሉታል። ያገለገለውን የሚፈልግ ሰው በመጸውና በክረምታቸው እንዲገዛ ይመከራል። የሽርሽሩ ወራት አልቋል፣ ባለቤቱ የሚያቆምበት ቦታ የለውም፣ በረዶው እየመጣ ነው፤ ስለዚህ ዋጋ ይቀንሳል። ፀደይ ሲገባ ሁሉም ፈላጊ ይሆንና ይወደዳል። ምክሩ ባጭሩ “ሻጩ ሲቸኩል ግዛ” ነው።

የእኛ ደላላም ሳያነብ ይህንኑ ነገረን። “ጊዜው አሁን ነው፤ ባለቤቱ ቸኩሏል” አለ በስልክ። ለምን እንደቸኮለ ስንጠይቀው ግን፣ “እሱን ምን ያደርግላችኋል?” ብሎ ዘጋን። እኛም መኪናውን ከማየታችን በፊት ይህችን “ቸኩሏል” የምትባል ቃል ታሪካችን ውስጥ ፈለግናት። መቼም እንደዚያ ሰፈር፣ እንደ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ስለ ጭነት፣ ስለ ድንኳንና ስለ ችኮላ ብዙ ያየ አገር ማግኘት ይከብዳል።

በቅሎ ላይ የተጫነ ከተማ

ቤትን ጭኖ መሄድ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እንዲያውም መንግሥታችን ራሱ ተጭኖ ይሄድ ነበር! ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1512 ዓ.ም. ከመልእክተኞች ጋር መጥቶ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት ኖሯል። ያየውን ሲጽፍ ዋና ከተማ የሚባል የድንጋይ ከተማ አላገኘም፤ ያገኘው የድንኳን ከተማ ነው። መኳንንቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ገበያውም የታወቀ ቦታ አላቸው፤ ማን በቀኝ ማን በግራ እንደሚተክል ሁሉም ያውቃል። ሰፈሩ ተነቅሎ ሌላ አገር ሲተከል ሥርዓቱ ያው ስለሆነ ጎረቤት ከጎረቤት አይጠፋፋም። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱትን በቅሎዎች አልቫሬዝ ሲገምት ከሃምሳ ሺህ አያንሱም ብሏል።

ይህ ሰው ካያቸው ቦታዎች አንዷ የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በ1524 ዓ.ም. በግራኝ አህመድ ጦር ተቃጥላለች። የነበረችበት አምሐራ የተባለው የዚያን ዘመን አውራጃ ደግሞ በአብዛኛው የዛሬው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ “ሰፈራችን” ስንል የምንጠቀምባት ቃል ራሷ የድንኳን ቃል ናት፤ ከመስፈር የመጣች።

በቅሎ እንግዲህ የዚያ ዘመን ፒካፕ ነበረች። አትወልድም፤ ስለዚህ በእጅህ ያለችው ካረጀች ሌላ መግዛት ነው። “በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች” ይባላል፤ ገዢው ግን ስለ አባቷ ሳይሆን ስለ ዕድሜዋ ነበር የሚጨነቀው። አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል። ዛሬ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ እንደሚመለሰው የበቅሎ ጥርስ በቀላሉ አይመለስም!

ጊዜውንም ገበሬው ያውቀዋል። አዝመራ ተሰብስቦ ጎተራ ሲሞላ፣ በጥር ሠርግ ሲበዛ፣ ከብት ለመሸጥ የሚቸኩል የለም። ክረምት ገብቶ እህል ሲያልቅ ግን ሻጩ ይበዛል። በተለይ የበልግ ዝናብ የከዳው ዓመት ከሆነ የደጋው ሰው ሰኔና ሐምሌን ባዶ እጁን ይቀበላል። ስለዚህ የደላላችን ምክር ጥንትም ነበረ። ርካሹ ወር የራብ ወር ነው።

ደላንታ ላይ የተደረገው ጨረታ

የችኮላን ዋጋ ከሁለቱም ወገን ያሳየን ግን 1860 ዓ.ም. ነው። ጄኔራል ናፒየር አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮጳውያን ለማስፈታት ወደ መቅደላ ሲዘምት ወደ 13,000 ወታደር፣ ሌላ 26,000 ያህል ተከታይና ከ40,000 በላይ እንስሳ ይዞ ነበር፤ ከእንስሳቱ 44ቱ ዝሆኖች ናቸው። ክረምት ሳይገባ ደርሶ መመለስ ነበረበት። ስለዚህ ወኪሎቹ ከግብፅ፣ ከስፔን፣ ከቱርክ፣ ከተገኘበት ሁሉ በቅሎ በጥድፊያ ገዙ። ለፓርላማው መጀመሪያ የቀረበው የዘመቻ ወጪ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ ሲያልቅ ወደ 9 ሚሊዮን ተጠጋ። የቸኮለ ገዢ እንዲህ ይከፍላል።

የቸኮለ ሻጭስ? ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተያዘች፣ ንጉሡ ራሳቸውን ሰዉ፣ አምባው ተዘረፈ። ዘረፋው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደና እዚያ ሁለት ቀን ሙሉ በጨረታ ተሸጠ። መጽሐፉም፣ መስቀሉም፣ ልብሱም። ከጨረታው የተገኘው 5,000 ፓውንድ ያህል ሲሆን ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ዋናው ገዢ ለብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ነበር። ሆልምስ ከጨረታውም ቀድሞ፣ ገና መቅደላ ላይ እያለ፣ ከአንድ ወታደር የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ በ4 ፓውንድ ገዝቷል። አራት ፓውንድ!

ያገለገለ ዕቃ ገዢ ሆነን ብቻ ብናየው በዚህች አገር ታሪክ ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። ዋጋው የወደቀው ዕቃው ስለረከሰ አይደለም። ባለቤቱ የለም፤ ሻጩ ደግሞ ዝናቡ ሳይመጣ ወደ ባሕሩ መውረድ አለበት።

ትሬንታ ኳትሮና የጋቢናው አልጋ

በቅሎን ከዋናው መንገድ ያስወጣት ጣሊያን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ከመንገዱ ጋር ትልልቅ የጭነት መኪኖች ገቡ። ፊያት 634ን ሰዉ “ትሬንታ ኳትሮ” አለው፤ በጣሊያንኛ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ይህ የመኪና ዓይነት ሹፌሩ ከኋላ የሚተኛበት አልጋ ያለው ጋቢና ይሠራለት ስለነበር፣ እኛ በቀልድ የጀመርነው “ቤት ያለው መኪና” ከዘጠና ዓመት በፊት ታስቦበታል ማለት ነው። ለአገር አቋራጭ ሹፌርና ለረዳቱ ደግሞ እስከ ዛሬም መኪናው ቤት ነው።

ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ ከመኪናው ብዙውን እንግሊዞች ወሰዱ፤ የቀረው በእኛ ሹፌሮችና በቀሩት ጣሊያን መካኒኮች እጅ እየተጠገነ ኖረ። ያገለገለ መኪና ገበያ ቋንቋው እንኳ ከዚያ የመጣ ነው። ጋቢና፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ፣ ሊብሬ... ሁሉም ጣሊያንኛ! ቆይቶም ፊያት 682 ኤን 3 መጣና “ኤንትሬ” ተባለ። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው አምቼ የፊያትን መኪና እዚሁ መገጣጠም ጀመረ። ኤንትሬ እንደ በቅሎ ሆነ፤ ያረጃል እንጂ አይሞትም። መለዋወጫው በየጋራዡ ስለተለመደ አሮጌው ራሱ ዋጋ አለው። እዚህ አገር “አሮጌ” ማለት “ርካሽ” ማለት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ተማርን።

በሬው ሲረክስ

አሁን ወደማይስቅ ነገር እንግባ። በ1965 እና 66 ዓ.ም. ወሎ ተራበ፤ ክፉኛ የተጎዳው ምሥራቁ ቆላ ነበር። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ራብ መርምሮታል። ያገኘው ነገር ሲሰሙት ግራ ያጋባል፤ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ የተፈራውን ያህል አልናረም። የወደቀው ሰዉ የሚሸጠው ነገር ዋጋ ነው። ገበሬው አዝመራው ጠፋ፤ አርብቶ አደሩ ከብቱ አለቀበት፤ የተረፈው ከብት ደግሞ ገበያ ሲወጣ የሚያመጣው እህል ትንሽ ሆነ። ሁሉም ባንድ ቀን ሻጭ ስለሆነ ገዢ ያለውን ዋጋ ይናገራል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ።

እንግዲህ ያን ዓመት ገበያ ላይ ቆሞ በሬ የገዛ ሰው “ጥሩ ጊዜ አገኘሁ” ብሎ ወደ ቤቱ ሄዷል። አልዋሸም። ሻጩ ግን የሸጠው በሬ ብቻ አይደለም፤ የሚቀጥለውን ዓመት እርሻም ጭምር ነው። በሬ የሌለው ሰው ዝናብ ቢመጣለትም አያርስም። መኪናም እንዲሁ ነው። በፒካፕ ጭነት እየሠራ የሚበላ ሰው ፒካፑን ሲሸጥ የሸጠው ንብረት አይደለም፤ ሥራውን ነው።

የዛሬው ገበያ

“አሁን ጊዜው ሌላ ነው” የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፤ ዛሬ የመኪናን ዋጋ የሚያንቀሳቅሰው ከወቅቱ ይልቅ አዋጁ ነው። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ የሚገባ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ከ74 ብር አለፈ፤ በወራት ውስጥም መቶን ተሻገረ። በየጊዜው ታዲያ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ቆሞ ሳለ ዋጋው ጨመረ። ሰዉም መኪናን እንደ ባንክ ደብተር ማየት ለመደ። ፈረንጆቹ “ክረምት ጠብቅ” ይላሉ፤ እዚህ ክረምት ጠብቀህ አዋጅ ሊጠብቅህ ይችላል!

ያም ሆኖ የሚቸኩል ሻጭ አልጠፋም፤ ሁለት ዓይነትም ነው። አንደኛው የሥራ ዘመኑ ያለቀ ዲፕሎማት ወይም የተዘጋ ፕሮጀክት ነው። ጋዜጣ ላይ የጨረታ ማስታወቂያ ያወጣል፣ በታሸገ ፖስታ ይቀበላል፣ ሸጦ ይሄዳል። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ስም ሳይዞር ቀረጡ ማለቁን ማረጋገጥ ነው እንጂ ከእሱ በርካሽ ብትገዙ ማንም ጦሙን አያድርም። ሁለተኛው በሽተኛ ያለበት፣ ዕዳ የያዘው ወይም የተፈናቀለ ሰው ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንቱ ሰው ተሸክሞ የማይሄደውን ጥሎ ወጣ! የደላላው ስልክ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው፤ “ቸኩሏል”።

ስለዚህ ባለቤቱን ራሳችን አገኘነው። ከአቀስታ በኩል የመጣ ሰው ነው፤ ልጁ ታማበት አዲስ አበባ ለሕክምና ከተቀመጠ ሁለት ወር ሆኖታል። መኪናው በጠዋት ሳይሞቅ ሲነሳ አየን፤ ጭሱን አየን፤ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳከርን፤ ዕዳና እግድ እንደሌለበት አጣራን። መካኒካችን የናፍጣ ፓምፑ መታደስ አለበት አለ። እኛም ተመሳሳይ መኪና በሰሞኑ ገበያ የሚያወጣውን ጠይቀን ከዚያ ላይ የፓምፑን ማሳደሻ ብቻ ቀነስን። ደላላው ከጠራልን ዋጋ በላይ ከፈልን ማለት ነው። ቀሪ ሒሳባችን ስለተመናመነ የሸራውን ቤት ከቦንዳ ጣውላ ሳይሆን ከአሮጌ ድንኳን ሠራነው።

ደላላው እስከ ዛሬ ሲያገኘን ይስቅብናል። “ጊዜውን አላወቃችሁበትም” ይላል። እኛ ግን ለጥምቀት ማሻ ደርሰናል። ሌሊቱ እንደተባለው ይበርዳል፤ ሸራውም ያፈስሳል። ጠዋት ከሸራው ስንወጣ አንድ አዛውንት መኪናውን ዞረው አዩና፣ “ስንት አወጣችሁበት?” አሉን። ነገርናቸው። ትንሽ አሰቡና፣ “ሻጩ ምን ሆኖ ነው?” ብለው ጠየቁ። አዲስ አበባ ላይ ይህን ጥያቄ የጠየቀን ሰው አልነበረም።