ያልነበረችው ፎርሞዛ፦ ስለ አንድ የሐሰት ምስክርና ስለ ሊቃውንቱ ምርመራ

በ1704 ዓ.ም. (ይህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሎንዶን ከተማ ስለ ፎርሞዛ ደሴት ታሪክና መልክዐ ምድር የሚናገር አንድ መጽሐፍ ታተመ። ደራሲው ጆርጅ ሳልማናዛር ሲባል የዚያች ደሴት ተወላጅ ነኝ ይል ነበር። መጽሐፉ የአገሪቱን አገዛዝ፣ ሃይማኖት፣ ልብስ፣ ገንዘብ፣ ቋንቋና ፊደል ከነሥዕሉ ያስረዳል። ይሁን እንጂ ሰውየው ዛሬ ታይዋን የምትባለውን ይህችን ደሴት በዓይኑ አይቷት አያውቅም፤ የገለጸው ሕዝብም ከስሙ በቀር ፈጠራ ነበረ።

የዚህ ሰው እውነተኛ ስም እስከ ዛሬ አልታወቀም። የተወለደው በ1679 ዓ.ም. ገደማ ምናልባት በደቡብ ፈረንሳይ ነው። በወጣትነቱ በመጀመሪያ ወደ ሮማ የሚሄድ የአየርላንድ ተሳላሚ፣ ኋላም ጃፓናዊ መስሎ በአውሮፓ ይዞር ነበር። በሆላንድ አገር ስሎይስ በምትባል ከተማ ሳለ ዊሊያም ኢንስ ከተባለ የስኮትላንድ ክፍለ ጦር ቄስ ጋር ተገናኘ። ቄሱም ከሲሴሮ መጽሐፍ አንድ ክፍል ወደ አገሩ ቋንቋ እንዲተረጉም አዘዘው፤ ጥቂት ቆይቶም ያንኑ ክፍል እንደገና አስተረጐመው። ሁለቱ ትርጉሞች ሲተያዩ ከግማሽ የሚበልጡት ቃላት የማይመሳሰሉ ሆኑ። ፈተናው ትክክለኛ ነበረ፤ ውጤቱም የማያጠራጥር ነበረ። ነገር ግን ኢንስ ሐሰቱን በመግለጥ ፈንታ ወደ ፊት እንዲጠነቀቅ መክሮ፣ አጥምቆት፣ በ1703 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን ይዞት ሄደ።

በሎንዶን ኤጲስ ቆጶሱ ሄንሪ ኮምፕተን በአክብሮት ተቀበሉት። እርሱም የክርስትና ትምህርት መጽሐፍ ራሱ በፈጠረው ቋንቋ ተርጕሞ አበረከተላቸው፤ በኦክስፎርድም ጥቂት ወራት ተቀመጠ። ካወራቸው ነገሮች ዋነኛው በየዓመቱ 18,000 ወንዶች ልጆች ለአምላክ ይሠዋሉ የሚለው ነበረ። ፎርሞዛም ለጃፓን ንጉሠ ነገሥት የምትገዛ አገር ናት አለ፤ በእውነቱ ግን በ1683 ዓ.ም. በቻይና መንግሥት እጅ ገብታ ነበር። መጽሐፉ በ1705 ዓ.ም. ሁለተኛ ጊዜ ታተመ፤ ወደ ሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎችም ተተረጐመ።

ሰውየው ሳይመረመር አልቀረም። በ1704 ዓ.ም. መጀመሪያ ሮያል ሶሳይቲ በተባለው የሊቃውንት ማኅበር ፊት፣ በቻይና የኖሩ ፎንትኔ የተባሉ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፊት ለፊት ተከራከሩት። የከዋክብት ሊቅ የነበረው ኤድመንድ ሃሌም፣ ደሴቲቱ በሐሩር ወሰን ላይ ስለ ሆነች ፀሐይ በቀትር በቤቶቹ የጭስ ማውጫ ውስጥ ቀጥ ብላ ትገባ እንደ ሆነ ጠየቀው። ሳልማናዛርም የጭስ ማውጫዎቹ ጠማማ ናቸው ብሎ መለሰ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች ኢየሱሳውያንን በጠላትነት ያዩ ስለ ነበር፣ ኢየሱሳውያንን አጥብቆ የሚነቅፈው ሳልማናዛር በብዙዎች ዘንድ ከፎንትኔ ይልቅ ታመነ። ከዚህም የተነሣ ምስክርነቱ የተመዘነው በእውነቱ ሳይሆን በወገንነት ነበረ።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን እውነተኛው ማስረጃ በቅርብ የሚገኝ መሆኑ ነው። ሆላንዳውያን ከ1624 እስከ 1662 ዓ.ም. በደሴቲቱ ደቡብ ምዕራብ ሠፍረው ነበር። ከሰባኪዎቻቸው አንዱ ጆርጅ ካንዲዲዩስ፣ ሲራያ የሚባሉት የአገሩ ሕዝብ ንጉሥ እንደሌላቸው፣ እያንዳንዱ መንደር በሸንጎ እንደሚተዳደር፣ የአምልኮውንም ሥርዓት ሴቶች እንደሚፈጽሙ ጽፎ ነበር። ዳንኤል ግራቪዩስ ወደ ሲራያ ቋንቋ የተረጐመው የማቴዎስ ወንጌልም በ1661 ዓ.ም. በአምስተርዳም ታትሟል። ከዚህ መጽሐፍ አንድ ገጽ ከሳልማናዛር ቋንቋ አጠገብ ቢቀመጥ ክርክሩ በአንድ ቀን ባለቀ ነበር። ሳልማናዛር ራሱ የካንዲዲዩስን ጽሑፍ ያውቀው ነበር፤ የሚቃወመውን ግን ሐሰት ነው እያለ ያልፈው ነበር።

ከሞተ በኋላ በ1764 ዓ.ም. የታተመው የሕይወት ታሪኩ የዘዴውን ምሥጢር ይገልጣል። አንድ ጊዜ የተናገረውን ነገር፣ ምንም የማይታመን ቢሆን፣ ከቶ ላለመለወጥ ወስኖ ነበር። የ18,000ው ቍጥር በጭውውት መካከል ሳያስብ የተናገረው ነው፤ ይህን ያህል ወንድ በየዓመቱ ከታረደ ደሴቲቱ ባዶ እንደምትሆን ቢያስረዱትም ቍጥሩን ሊቀንሰው አልፈቀደም። ሰሚዎቹ ይህን አለማወላወል የእውነት ምልክት አድርገው ወሰዱት።

እንዲህ ያለው ነገር በኢትዮጵያም ላይ ደርሶ ነበር። በ1610 ዓ.ም. የዶሚኒካን መነኩሴ ሉዊስ ደ ኡሬታ፣ ሁዋን ደ ባልታሳር የሚባል ከኢትዮጵያ መጣሁ ያለ ሰው የነገረውን ተቀብሎ፣ በአገሪቱ ያልነበሩ የዶሚኒካን ገዳማትን ጭምር የሚተርክ መጽሐፍ በቫሌንሲያ አሳተመ። ይህንንም በኢትዮጵያ ይኖር የነበረው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በሰፊ ታሪኩ ነቀፈው። እርሱም ከተወዳዳሪ ማኅበር ነበርና ወገንነት ባይጠፋበትም አገሩን በዓይኑ አይቷል። ከእነዚህ የተለየው የሂዮብ ሉዶልፍ መንገድ ነው። ሉዶልፍ በ1649 ዓ.ም. በሮማ የተዋወቃቸውን የአምሐራውን ሊቅ አባ ጎርጎርዮስን በ1652 ዓ.ም. በጎታ ተቀብሎ ስለ አገራቸው ጠየቃቸው። በ1681 ዓ.ም. ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክም ቃላቸውን ከግዕዝ መጻሕፍትና ከፖርቱጋላውያን ጽሑፍ ጋር አስተያየው። እንግዲህ ሉዶልፍን ከስሕተት የጠበቀው የምስክሩ ቅንነት ብቻ አይደለም፤ አንዱን ምስክር በሌላው መመርመሩ ነው።

ሳልማናዛር ኋላ ተጸጽቶ ዕብራይስጥ ተማረ፤ በመጻፍ ሥራም ይተዳደር ጀመር። በ1747 ዓ.ም. በታተመ የመልክዐ ምድር መጽሐፍ ውስጥ ስለ ፎርሞዛ ሲጽፍ የቀድሞው ታሪክ ፈጠራ መሆኑን አመነ። በ1763 ዓ.ም. በሎንዶን አረፈ። የሲራያ ቋንቋ ግን በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከመነገር ቀረ። በዘመናችን የሕዝቡ ተወላጆች የአያቶቻቸውን ቃላት መልሰው ለመማር ሲነሡ፣ ከዋነኞቹ መሠረቶቻቸው አንዱ ያ በ1661 ዓ.ም. የታተመው ወንጌል ሆነ። የሎንዶን ሊቃውንት ሳያዩት ያለፉት መጽሐፍ ለባለቤቶቹ ቋንቋቸውን አቆየላቸው።