ዛፍን በገጽ መቁረጥ

አንድ የኦንላይን ሱቅ ዕቃውን በምድብ፣ ምድቡን በንዑስ ምድብ ይከፍላል። ከዚያ ዝርዝሩን ሃያ ሃያ እያደረገ በገጽ በገጽ ያሳያል። ለገዢው ቀላል ነገር ነው። ለፕሮግራመሩ ግን ሁለት የማይስማሙ ነገሮችን ማስታረቅ ነው፤ ምድብ ዛፍ ነው፣ ገጽ ደግሞ ሰልፍ ነው። ይህ ጠብ ከኢንተርኔት በፊት የተጀመረ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ለአፖሎ የጨረቃ ጉዞ የሚሠራው መንኮራኩር እጅግ ብዙ ክፍሎች ነበሩት። እነሱን መዝግቦ ለመያዝ አይቢኤም ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ሆኖ አይኤምኤስ የተባለውን ሥርዓት ሠራ። በዚያ ሥርዓት መረጃው ራሱ ዛፍ ነበር፤ ትንሹ ክፍል በትልቁ ሥር ይቀመጣል። ከላይ ወደ ታች መውረድ ፈጣን ነው፣ በሌላ በኩል መጠየቅ ግን ፈተና ነው። በ1970 የአይቢኤሙ ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ መረጃ በሠንጠረዥ ይቀመጥ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ውሎ አድሮ ሠንጠረዡ አሸነፈ። በሠንጠረዡ ውስጥ ዛፍን ማስቀመጫ የተለመደው መንገድም በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ የወላጁን መለያ መጻፍ ሆነ።

ነገሩ እንደ ኢትዮጵያውያን ስም ነው። ሰው የራሱንና የአባቱን ስም ይዞ ይዞራል። ሰባት ቤት ለመቁጠር ግን አባቱ ማን ነው፣ የአባቱስ አባት እየተባለ ደጋግሞ መጠየቅ ግድ ነው። ዳታቤዝም እንዲሁ በየደረጃው አንድ ጥያቄ ይጠየቃል።

ይህን ለማሳጠር በጆ ሴልኮ መጻሕፍት የታወቀ ዘዴ አለ። ለእያንዳንዱ ምድብ የግራና የቀኝ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ዘሩ በሙሉ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ማንበቡ ፈጣን ነው፤ አዲስ ምድብ በገባ ቁጥር ግን ብዙ ቁጥሮች መቀየር አለባቸው። በ1999 የኤስኪውኤል ደረጃ በአንድ ትእዛዝ ትውልድ በትውልድ መውረድን ፈቀደ። ፖስትግሬስኪውኤል ይህን ያገኘው በ2009፣ ማይኤስኪውኤል ደግሞ በስሪት 8.0 በ2018 ነው። በመሃሉ ባሉት ዓመታት ብዙ ድረ ገጽ በራሱ መላ ኖረ።

ፍሬምወርኮቹስ? በ2004 የወጣው ሬይልስ መጀመሪያ ላይ የዛፍም የገጽ መከፋፈያም መሣሪያ በውስጡ ነበረው። በታኅሣሥ 2007 የወጣው ሬይልስ 2.0 ግን ሁለቱንም ከዋናው አካል አውጥቶ ወደ ተጨማሪ ቅጥያነት ለወጣቸው። ጃንጎ በበኩሉ የገጽ መከፋፈያውን ያዘ፣ ዛፉን ግን ለሌሎች ተወ። የጃንጎ መከፋፈያ የተሰጠውን ዝርዝር ይቆርጣል እንጂ ዝርዝሩ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም።

መጠየቅ ያለበት ሰው ነው። «መጻሕፍት» የሚለውን ምድብ የከፈተ አንባቢ፣ በሥሩ ያለው «ልብ ወለድ»፣ በዚያም ሥር ያለው «ታሪካዊ ልብ ወለድ» አብሮ እንዲመጣለት ይጠብቃል። ፕሮግራመሩ የወላጁን መለያ ብቻ ከፈለገ የልጅ ልጆቹ ይቀራሉ። አንድ መጽሐፍ በሁለት ንዑስ ምድብ ካለ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይቆጠርና የገጹ ብዛት ይሳሳታል። ገጹ በረድፍ ቁጥር ከተቆረጠ፣ ሃያ ሃያ በሚያሳይ ዝርዝር 1000ኛውን ገጽ ለማምጣት ዳታቤዙ 19,980 ረድፍ አልፎ መጣል አለበት። አንባቢው ገጽ አንድን ሲያነብ ከዚያው ገጽ አንድ ዕቃ ከተሰረዘ፣ ከገጽ ሁለት አንዱ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ሳይታይ ያልፋል።

መድኃኒቱ አይጠፋም። ዘሩን በሙሉ አስቀድሞ መሰብሰብ፣ ድግግሞሹን ማስወገድ፣ በማይለወጥ ቅደም ተከተል መደርደር፣ ከዚያም «ከዚህ ከመጨረሻው ቀጥሎ ያለውን» እያሉ መጠየቅ ይቻላል። የዚህም ዋጋ አለው፤ አንባቢው በቀጥታ ወደ ገጽ 40 መዝለል አይችልም። ዝርዝሩ በምድብ በምድብ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ምድቦቹ ይቆረጣሉ፣ ልጆቹ ከወላጃቸው ጋር ይከተላሉ።

የቱ እንደሚመረጥ ፍሬምወርክ አይነግርም፤ ሬይልስ ሁለቱን ከውስጡ ማውጣቱም በዚህ ዐይን ሲታይ ስንፍና አልነበረም። ገጹ የት ይቆረጥ የሚለው የኮድ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በአራተኛው ደረጃ የተመደበ ዕቃ ያለው ነጋዴ፣ ዕቃው በየትኛውም ገጽ ላይ ካልወጣ፣ ሱቁ ክፍት ሆኖ ሳለ ለገዢው ዝግ ነው።