ከወናፍ እስከ ሐዲድ

ዝናቡ ሲያበቃ የድሬዳዋው ደቻቱ የአሸዋና የጠጠር ሜዳ ሆኖ ይቀራል። መንገደኛው «ወንዙ ደረቀ» ይላል እንጂ ውሃው በጠጠሩ መካከል ባለው ክፍተት እየተሹለከለከ ወደ ታች መስረጉን አያይም። ስለ ብረት ታሪክ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ለዓይን ባዶ የሚመስለው ያ ክፍተት ነው፤ ብረት የሚወጣበት ምድጃም በውስጡ የተከመረ ጠጠርና የተሰወረ መንገድ አለውና።

በሀገራችን ነባር ምድጃ ከሰልና የተፈለጠ የብረት ድንጋይ በአንድነት ይከመራሉ። በሸክላ አፍንጫ የሚገባው የወናፍ ነፋስ ከሰሉን አቀጣጥሎ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያስገኛል፤ ጋዙም በክምሩ መካከል ሽቅብ እየወጣ ከድንጋዩ ኦክስጅኑን ይነጥቃል። ሙቀቱ ወደ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ቆሻሻው፣ ማለትም የብረት አሩ፣ ቀልጦ ቁልቁል ይንጠባጠባል። ብረቱ ራሱ የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ስለሆነ ሳይፈስ እንደ ጓል ተጣብቆ ይቀራል። እንግዲህ ነፋስ ሽቅብ፣ ፈሳሽ ቁልቁል፣ በአንድ ጠባብ መንገድ ይተላለፋሉ ማለት ነው። ድንጋዩ ከመጠን በላይ ከላመ ትቢያው ክፍተቱን ይደፍንና ነፋሱ መውጫ ያጣል። በዘመናችን ታላላቅ ምድጃዎች ደግሞ ነፋሱ ካለልክ ሲበረታ የሚወርደውን ፈሳሽ አግዶ ያቁረዋል፤ መሐንዲሶች ይህን ሁኔታ የሚጠሩት «ጎርፍ» በሚል ቃል ነው። የ1998 ዓ.ም.ን የደቻቱ ጎርፍ ለሚያስታውስ የድሬዳዋ ሰው ቃሉ ቀላል አይደለም።

ይህን ነገር ሳይንስ በቁጥር መግለጽ የጀመረው ዘግይቶ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ ውሃ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍበትን ሕግ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1856 ሲሆን፣ ሳብሪ ኤርጉን ለጋዝና ለፈጣን ፍሰት ጭምር የሚያገለግለውን ቀመር ያወጣው በ1952 ነው። ፍሰቱ ዝግተኛ ሲሆን፣ የክፍተቱ ድርሻ ሳይለወጥ የጠጠሩ ስፋት በግማሽ ቢያንስ፣ ተቃውሞው አራት እጥፍ ያድጋል።

በኦሞ ሸለቆ አቅራቢያ የሚኖሩት የዲሜ ብረት አቅላጮች ይህን ቀመር አላነበቡም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች የሥራቸውን ውጤት በመረመሩ ጊዜ ግን ለስላሳ ብረትና ጠንካራ አረብ ብረት ከአንድ ምድጃ ሲወጡ አግኝተዋል። በክምሩ ውስጥ ነፋሱና ከሰሉ በአንዱ ጎን ከሌላው ይለያያሉና ይህ አያስገርምም። የሚያስገርመው፣ የትኛው ጓል ለማረሻ፣ የትኛው ለቢላዋ እንደሚሆን ለይቶ የሚያውቅ እጅ መኖሩ ነው።

ያን እጅ ባላባታዊው ሥርዓት «ቡዳ»፣ «ቀጥቃጭ» እያለ ሲሰድበው ኖረ። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀለጡት ሴባስቶፖል ስማቸውን ሲያስጠራ፣ ማረሻውን ያወጣው ሠርቶ አደር ስም አላገኘም። (ሴባስቶፖል የነሐስ እንጂ የብረት አለመሆኑን ልብ ይሏል።) አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ነገር ግን ከዚያ አምስት ዓመት ቀድሞ፣ በ1895 ዓ.ም.፣ ባቡሩ ድሬዳዋ ደርሶ ከተማይቱን ፈጥሮ ነበር። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ሐዲዱ ራሱ በባሕር ማዶ ምድጃ የተሠራ ብረት ነው፤ በላዩም ሌላ ተሠርቶ ያለቀ ብረት ተጭኖ መጣ። ስድቡ በአዋጅ ተከለከለ፤ ምድጃውን ግን ርካሹ ብረት ቀስ በቀስ አጠፋው። አንጥረኛው መዶሻውን ይዞ ሲቀር አቅላጩ ሥራ ፈታ።

እኛ የጥበብ ሰዎችም ከተጠያቂነት አናመልጥም። እኔ ራሴ በአንድ ቴአትሬ አንጥረኛን መድረክ ላይ ሳወጣ ያስያዝኩት መዶሻ ብቻ ነበር፤ መዶሻ ድምፅ አለው፣ ለተመልካችም ይጥማል። ወናፍ የሚነፋውን ረዳቱን ከመጋረጃ ጀርባ አስቀረሁት። ድንጋይ የሚፈልጠውን፣ ትቢያውን የሚለየውን ከነጭራሹ አላሰብኩትም።

በቅርቡ በድሬዳዋ አንድ አንጥረኛ ውራጅ ብረት ሲያግል ቆሜ ተመለከትሁ። ወናፉ ቀርቶ በኤሌክትሪክ ማራገቢያ ይሠራል። ከሰሉን ከመጨመሩ በፊት ከጆንያው ሥር ያለውን ድቃቂ በመዳፉ እየለየ ወደ ጎን ይጥለው ነበር። ማን እንዳስተማረው ብጠይቀው ጥያቄው ግራ ገብቶት ሳቀ፤ ከዚያም ትላልቆቹን ከሰሎች አንድ በአንድ፣ በመካከላቸው ክፍተት እየተወ፣ መደርደሩን ቀጠለ።