ከመስተዋድድ በኋላ የሚመጣው «ኢንግ»፤ የአንድ የእንግሊዝኛ ሕግ ታሪካዊ አመጣጥ

እንግሊዝኛ የሚማር ኢትዮጵያዊ ተማሪ ሁሉ አንድ ቀን የሚቀበለው ሕግ አለ፤ ይኸውም «ከመስተዋድድ በኋላ ግስ ሲመጣ መድረሻው ኢንግ ይሁን» የሚለው ነው። እኔም በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ «ሳይናገር ወጣ» ለማለት ፈልጌ «ዊዝአውት ቱ ስፒክ» ብዬ በጻፍሁ ጊዜ፥ መምህሬ በቀይ ቀለም ሰርዘው «ዊዝአውት ስፒኪንግ» ብለው አረሙልኝ። ምክንያቱን ብጠይቃቸው «ቋንቋው እንዲህ ነው» አሉኝ። መልሱ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ሕጉን በቃሌ ያዝሁት እንጂ አላስተዋልሁትምና በሚቀጥለው ፈተና ያንኑ ስሕተት ደገምሁት። ትምህርታችንን ሁሉ በእንግሊዝኛ ለምንከታተል ሰዎች እንዲህ ያለው ስሕተት ዋጋው ቀላል አይደለም። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ ሕጉ ከየት እንደ መጣ ለመመርመር አስቤአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ልናውቀው የሚገባን፥ ዛሬ አንድ የሚመስለን «ኢንግ» በጥንት ዘመን ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ ነበሩ ነው። ከኖርማኖች ወረራ፥ ማለት ከ1066 ዓ. ም. በፊት ይነገር በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ፥ ከግስ ስም ለማውጣት «ኡንግ» ወይም «ኢንግ» የሚባል መድረሻ ይጨመር ነበር። ለምሳሌ «ሌኦርኑንግ» ማለት ትምህርት፥ «ብሌትሱንግ» ማለት ቡራኬ ነበር። እነዚህ ፍጹም ስሞች ናቸው። ግሱ ቅጽል ሲሆን ግን መድረሻው «ኤንደ» ነበር፤ «ሲንገንደ» ቢሉ «የሚዘምር» ወይም «እየዘመረ» ማለት ነው። የእንግሊዝኛ እኅት የሆነችው ጀርመንኛ ይህን ልዩነት እስከ ዛሬ ጠብቃ ይዛለች፤ «ሆፍኑንግ» ተስፋ የሚል ስም ሲሆን፥ ቅጽሉ ደግሞ በሌላ መድረሻ፥ በ«ኤንድ» ይጨርሳል።

መስተዋድድ በጠባዩ ስም ይሻል። ስለዚህ የጥንቱ ሰው ከመስተዋድድ በኋላ አንድን ሥራ ለመጥራት ሲፈልግ በ«ኡንግ» የጨረሰውን ስም ማስከተሉ የተገባ ነበር። ከዚህ ሥርዓት የወጣው አንድ መስተዋድድ ብቻ ሲሆን እርሱም «ቶ»፥ የዛሬው «ቱ» ነው። «ቶ» ንዑስ አንቀጹን ራሱን እንደ ስም አዘንብሎ ያስከትል ነበር፤ «ቶ ሲንገነ» ቢሉ «ለመዘመር» ማለት ነበር። ከ1100 ዓ. ም. በኋላ ባለው ዘመን የቃላት መድረሻ እየላላ ሲሄድ ይህ የማዘንበያ ምልክት ጠፋ፤ «ቱ»ም የመስተዋድድነት ትርጕሙን እያጣ የንዑስ አንቀጽ ምልክት ብቻ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ «ዊዝአውት ቱ ስፒክ» ስል በአንድ ስፍራ ሁለት መስተዋድድ መደርደሬ ነበር።

ሁለተኛው ታላቅ ለውጥ የሁለቱ መድረሻዎች መቀላቀል ነው። በመካከለኛው ዘመን ቅጽሉ በሰሜን «አንድ»፥ በመካከለኛው አገር «ኤንደ»፥ በደቡብ «ኢንደ» እየተባለ ይነገር ነበር። ከ1200 ዓ. ም. ገደማ ጀምሮ በደቡብ በኩል «ኢንደ» የነበረው ወደ «ኢንገ» ተለወጠ፤ በ15ኛው መቶ ዓመትም ይህ አነጋገር በጽሑፍ ቋንቋው ላይ ሠለጠነ። ቀድሞ ከአንዳንድ ግሶች ብቻ ይወጣ የነበረው ስምም በዚሁ ዘመን ከማናቸውም ግስ የሚወጣ ሆነ። እንግዲህ ስሙና ቅጽሉ አንድ ልብስ ለበሱ።

የመስተዋድድና የ«ኢንግ» ጋብቻ ምን ያህል የጠበቀ እንደ ነበረ የሚመሰክር አንድ ቅርስ አለ። ቀድሞ «ኦን ሀንቲንግ»፥ ማለት «በአደን ላይ» ይባል የነበረው፥ «ኦን» በአነጋገር ፍጥነት ተሸርሽሮ «አ ሀንቲንግ» ሆነ። «አስሊፕ» እና «አላይቭ» በሚሉት ቃላት መጀመሪያ የምትገኘው «አ»ም ከዚሁ ከ«ኦን» የተረፈች ናት። በ1611 ዓ. ም. በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፥ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21፥ ጴጥሮስ ዓሣ ሊያጠምድ መሄዱን ሲናገር ይህችው «አ» ከ«ፊሺንግ» በፊት ቆማ ትገኛለች። ኋላ እርስዋም ከጽሑፍ ቋንቋ ጠፋች። ስለዚህ ዛሬ «ጎ ፊሺንግ» ስንል ያልተጻፈ መስተዋድድ በመካከል ተቀብሮ አለ ማለት ነው።

ሦስተኛው ለውጥ ስሙ የግስ ጠባይ መልበሱ ነው። ስም ተሳቢ አይወስድም፤ ዝርዝሩን የሚያያይዘው በ«ኦቭ»፥ ማለት በእኛ «የ» ነው። ነገር ግን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በ«ኢንግ» የሚጨርሰው ስም፥ ይልቁንም ከመስተዋድድ በኋላ ሲመጣ፥ ያለ «ኦቭ» ተሳቢ መውሰድ ጀመረ። ሁለቱ አነጋገሮች ብዙ ዘመን ተደባልቀው ኖሩ። በኋላ የሎንዶን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ላውዝ በ1762 ዓ. ም. ባሳተመው ሰዋስው ሊለያቸው ሞከረ፤ ከፊቱ «ዘ» ካለ ከኋላው «ኦቭ» ይኑር፥ አለዚያ ሁለቱም ይቅሩ ሲል ወሰነ። ዛሬ የምንማረው ሥርዓት ከዚህ ውሳኔ ጋር ይስማማል።

ክርክሩ ግን በዚህ አላበቃም። የሥራው ባለቤት በአገናዛቢ «ሂዝ ካሚንግ» ይባል ወይስ በተሳቢ «ሂም ካሚንግ»? የፋውለር ወንድማማቾች በ1906 ዓ. ም. ባወጡት መጽሐፍ ሁለተኛውን አነጋገር አጥብቀው ነቀፉ። የዴንማርኩ ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን ግን በ1920ዎቹ አጋማሽ ከቀደሙት ጸሐፊዎች ምሳሌ እያመጣ፥ አነጋገሩ የቋንቋው የረጅም ጊዜ እድገት ፍሬ እንጂ ስሕተት እንዳልሆነ ተከራከረ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ «ኢንግ»ን እንደ ስም፥ የኋለኛው ደግሞ እንደ ግስ እየተመለከቱ ነበር። ሁለቱም ወገኖች ከታሪኩ አንዱን ክፍል ይዘዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ። አማርኛ ይህን ሁሉ የሚያስተውል ጆሮ ሰጥቶናል፤ ነገር ግን አንጠቀምበትም። «በማንበብ፥ ለማንበብ፥ ከማንበብ» ስንል መስተዋድድን ከንዑስ አንቀጽ ጋር እናጋባለን፤ «ከመምጣቱ በፊት» ስንልም ባለቤቱን በአገናዛቢ እናመለክታለን፤ ይህም «ሂዝ ካሚንግ» ከሚለው ጋር አንድ ነው። ደግሞም «የመጽሐፉ ንባብ» እና «መጽሐፉን ማንበብ» በማለት ላውዝ ሊለይ የደከመበትን ልዩነት በሁለት ቃላት እንለያለን። እንግሊዝኛው ለሁለቱም «ሪዲንግ» ብቻ አለው። የሚያሳስተን፥ በአማርኛ አንድ ንዑስ አንቀጽ የሚሠራውን ሥራ እንግሊዝኛ ለሁለት ከፍሎ፥ ለ«ቱ» አንዱን፥ ለሌሎቹ መስተዋድዶች ሌላውን መስጠቱ ነው።

የስያሜም መሰናክል አለ። የአውሮፓ ሊቃውንት ስለ አማርኛ ሲጽፉ «በልቶ፥ ሄዶ» የሚለውን ቦዝ አንቀጽ «ጀረንድ» ይሉታል፤ የእንግሊዝኛ መምህራንም ከመስተዋድድ በኋላ የሚመጣውን «ኢንግ» በዚሁ ስም ይጠሩታል። ዳሩ ግን «በልቶ» መስተዋድድ አይቀበልም፤ «ከበልቶ በኋላ» የሚል አማራ የለም። በስም ተገናኙ እንጂ በጠባይ አይገናኙም።

ከዚህ ታሪክ ለተማሪው የሚጠቅም አንድ መፈተኛ ይገኛል። «ቱ» ባጋጠመን ጊዜ ከእርሱ በኋላ ተራ ስም ለማስገባት እንሞክር። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ከሚለው በኋላ «ዘ ሆሊዴይ» ማለት ይቻላል፤ እንግዲያስ ይህ «ቱ» ዛሬም መስተዋድድ ነውና «ሲኢንግ» እንጂ «ሲ» አያስከትልም። «ዎንት ቱ» ከሚለው በኋላ ግን ስም አይገባም፤ ይህኛው መስተዋድድነቱን ያጣው «ቱ» ነውና «ሲ» ይበቃዋል። መንትዮቹ «ቱ»ዎች ከአንድ አባት ተወልደው በሁለት ቤት አደጉ።

እንግዲህ «ቋንቋው እንዲህ ነው» ለሚለው መልስ «እንዲህ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው» የሚል ቢጨመርበት፥ ተማሪው ሕጉን ከመፍራት ወደ መረዳት ይሻገራል። የቀይ ቀለሙ እርማት እውነቱን ነግሮኝ ነበር፤ የጐደለው ታሪኩ ብቻ ነበር።