የሥራ አጥ ገንዘብ ከየት መጣ? በእኛ አገሮችስ ለምን «ስንብት» ብቻ ሆነ?

ልጁ ከሥራ የተቀነሰበት ቤተሰብ ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ አለ፦ «አመልክቶ የሚያገኘው ገንዘብ አለ ወይ?» አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ሥራ ሲያጡ ለሚኖሩበት ስቴት አመልክተው ለተወሰኑ ሳምንታት ገንዘብ እንደሚያገኙ ስለምንሰማ፣ አዲስ አበባም ናይሮቢም እንዲህ ያለ መስኮት ያለ ይመስለናል። የለም። ያለው ሌላ መብት ነው፤ የሚጠየቀውም ከመንግሥት ሳይሆን ከአሠሪው ነው። ይህን ሳያውቁ የማይመለከተውን ቢሮ ሲያንኳኩ የሕጉ ቀን ያልፋል።

የሥራ አጥ ገንዘብ የተወለደው በአውሮፓ የፋብሪካ ከተሞች ነው። በቤልጂየም የጌንት ከተማ አስተዳደር በ1901 (እ.ኤ.አ.) የሠራተኛ ማኅበራት ለሥራ አጥ አባሎቻቸው በሚከፍሉት ላይ የራሱን ድጎማ መጨመር ጀመረ። ብሪታንያ በ1911 የግዴታ መድን አወጀች፤ ሠራተኛው፣ አሠሪውና መንግሥት ሦስቱም ያዋጡ ነበር። መጀመሪያ የተካተቱት እንደ መርከብ ሥራና ግንባታ ያሉ ጥቂት ዘርፎች ሲሆኑ፣ ክፍያው በሳምንት 7 ሽልንግ፣ በዓመት ቢበዛ ለ15 ሳምንት ነበር። ሥራ ያጣው ሰው ወደ ሥራ ማገናኛ ቢሮ እየሄደ መፈረም ነበረበት፤ ሥራ ቢገኝ ለመሥራት ዝግጁ መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው። አሜሪካ የተከተለችው ከታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት በኋላ በ1935 ነው። እዚያ ገንዘቡ በዋናነት ከአሠሪዎች በሚሰበሰብ ግብር ይሸፈናል፤ የሚያስተዳድሩትም ስቴቶቹ ናቸው።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በሦስት ነገር ነው፦ ብዙ ደመወዝተኛ፣ በየወሩ የሚቆረጥ መዋጮና የተሟላ መዝገብ። በእኛ በኩል የነበረው ግን ሌላ ነው። የጅቡቲ ባቡር ድሬዳዋን በ1902 ሲቆረቁር፣ አዲስ አበባም በ1917 ሲደርስ፣ ሐዲዱ ሁለት ዓይነት ሰው አፈራ፤ ደመወዝተኛውን የባቡር ሠራተኛና ዕቃ ጭኖ የሚመላለሰውን ነጋዴ። ደመወዝተኛው ጥቂት ነበር፤ ገበሬውና ነጋዴው ብዙ። ለጥቂቶቹ ሕግ ሲወጣም ኃላፊነቱ የወደቀው በቀጣሪው ላይ ነው።

በኢትዮጵያ መንግሥት የሠራተኛ ማኅበራትን በሕግ ያወቀው በ1950ዎቹ አጋማሽ (በእኛ አቆጣጠር) ነበር። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ሲለዋወጡ የሠራተኛ ሕጉም በ1968፣ በ1985፣ በ1996 እና በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። የሥራ አጥነት መድን ግን በአንዳቸውም አልገባም፤ የቆየው የስንብት ክፍያ ነው።

አሁን በሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስሌቱ እንዲህ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታከላል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቀን 300 ብር እያገኘ 4 ዓመት የሠራ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት 9,000፣ ለቀሪዎቹ ሦስት ዓመታት ሌላ 9,000፣ በድምሩ 18,000 ብር ይደርሰዋል። ሥራውን ያጣው ድርጅቱ ለዘለቄታው ስለተዘጋ ወይም ሠራተኛ ስለተቀነሰ ከሆነ ደግሞ የቀን ደመወዙ በ60 ተባዝቶ ይጨመርለታል፤ ይህም ሌላ 18,000 ነው። ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ካልተከፈለ የይርጋው ጊዜ አጭር ነው፦ ከሥራ መቋረጥ ለሚመነጭ ክፍያ 6 ወር፣ ወደ ሥራ ለመመለስ ደግሞ 3 ወር። «ትንሽ ልታገስ፣ አሠሪዬ ጥሩ ሰው ነው» እያለ ዓመት የሚጠብቅ ሰው በፍርድ ቤት ባዶ እጁን የሚቀረው ለዚህ ነው።

ኬንያም የሄደችው በዚሁ መንገድ ነው። በ1965 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው ኤንኤስኤስኤፍ የጡረታ ቁጠባ እንጂ የሥራ አጥ ድጎማ አይደለም። ሥራው ስለቀረ ለሚቀነስ ሠራተኛ የ2007 የሥራ ሕግ ቢያንስ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ወይም የወር ደመወዝ፣ ያልተወሰደ ፈቃድ ክፍያና ለእያንዳንዱ የተሟላ ዓመት ቢያንስ የ15 ቀን ደመወዝ እንዲከፈል ያዛል። ለክስ ያለው ጊዜ ግን 3 ዓመት ነው። ሞያሌ ላይ መንገዱን የተሻገረ ሠራተኛ የይርጋ አቆጣጠሩም አብሮ ይለወጥበታል።

አሠሪው ራሱ ሲጠፋስ? ይህን በአካባቢያችን በትልቁ ያሳየው የቀድሞው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ነው። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ባቡሩን፣ ወደቡን፣ አየር መንገዱንና ፖስታውን በጋራ ያስተዳድሩ ነበር። ማኅበረሰቡ በ1977 ፈረሰ። ሦስቱ አገሮች ንብረትና ዕዳ የተከፋፈሉት በ1984 ነው። በታንዛኒያ የነበሩት የቀድሞ ሠራተኞች ግን ጥቅማቸውን ለማስከበር እስከ 2000ዎቹ ድረስ በፍርድ ቤት ተከራከሩ። በጉልበታቸው ሠርተው ባዶ እጃቸውን ያረጁ፣ መልሱን ሳያዩ የሞቱም አሉ። ገንዘቡ በአንድ አሠሪ እጅ ብቻ ሲቀመጥ አደጋው ይህ ነው።

ሕጉ ያልደረሰበትን ክፍተት የሸፈኑት ዕቁብና ዕድር ናቸው። የዕቁብ ዳኛ አባሉ ሲቸገር ዕጣውን አስቀድሞ እንዲወስድ ያደርጋል። ነገር ግን ያ የራሱ ገንዘብ ነው፤ ቀሪውን መጣል ግዴታው ነውና ሥራ ላጣ ሰው ዕዳም ይሆናል። ዕቁብ የስንብት ክፍያን አይተካም።

ጉዳዩ ለእኛም ለነጋዴዎቹ በሁለት በኩል ነው። ልጆቻችን ተቀጣሪ ናቸው፤ እኛ ደግሞ የሱቅ ሻጭ፣ ሹፌርና የመኪና ረዳት እንቀጥራለን። ስለዚህ ተቀጣሪው የቅጥር ውሉን፣ የደመወዝ ማስረጃውንና የስንብት ደብዳቤውን ቀን ሳይጥል ይያዝ፤ የአገልግሎት ምስክር ወረቀቱንም ሳይቀበል አይውጣ። ቀጣሪ የሆንን እኛም ሰው ስናሰናብት ሒሳቡን በጽሑፍ እንሥራለት። መስኮት በሌለበት አገር ያ ወረቀት ነው የሠራተኛው ማመልከቻ።