ለሰው በቅሎ፣ ለጓዝ አህያ

በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ከጥምቀት በዓል ማግሥት፣ ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ አንድ ሹመት ሰጠኝ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ግሽ ዓባይ ደርሶ የሚመለስ መኪና እንድከራይ። «አንተ የተማርክ ነህ፤ ሰፊውንና ምቹውን አንተ ታውቃለህ» ተባልሁ። ተጓዦቹ አሥራ አንድ ነን። ዋናዋ ባለ ጉዳይ አክስቴ ናቸው፤ አዲስ አበባ አልጋ ላይ ለዋለው የልጅ ልጃቸው ጠበል ሊያመጡ ነው።

ሹመቴን በቁም ነገር ያዝሁ። ሦስት ቀን ሙሉ መኪና አማረጥሁ። ወንበር ቆጠርሁ፣ ጎማ ረገጥሁ፣ የወንበሩን ልስላሴ በመዳፌ ሞከርሁ። በመጨረሻም ሕዝቡ «ዶልፊን» ከሚላቸው ሚኒባሶች አንዱን መረጥሁ። የጠየቅሁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ስንት ሰው ይይዛል?

የዚህን አገር የመንገድ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ጥያቄው ግማሽ ጥያቄ ነው። አባቶቻችን ሩቅ አገር ሲሄዱ ሁለት ነገር ይጠይቁ ነበር። ሰውየው በምን ይሂድ? ጓዙስ በምን ይሂድ? መልሱም ሁለት ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ከከፋና ከሊሙ ተነሥቶ በጉድሩ በኩል ዓባይን እየተሻገረ ጎጃም ባሶ ገበያ የሚደርሰውን፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ምጽዋ የሚዘልቀውን የሲራራ ነጋዴ አስቡት። ቡናው፣ ዝባዱና አሞሌው በጭነት ከብት ጀርባ ይሄዳል። ባለ ጸጋው በበቅሎ ይቀመጣል፤ ሎሌው በእግሩ ያዘግማል። በቅሎዋ ለሰው ናት፤ አህያው ለጓዝ ነው። ጭነቱ ገደል ቢገባ ሰው ይተርፋል። ከብቱ ቢደክም ጭነቱ ይወርዳል እንጂ ሰውና ዕቃ አንድ ላይ አይጠፋም።

ወደ ግሽ ዓባይ የመጡት የውጭ አገር ሰዎችም ከዚህ ሕግ አላመለጡም። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1610 ዓ.ም. ከዐፄ ሱስንዮስ ሠራዊት ጋር ምንጩን አየ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1763 ዓ.ም. ደረሰ። ብሩስ የከዋክብትን ከፍታ የሚለካበት ከባድ መሣሪያ ነበረው። ከምጽዋ ወደ ደጋው ሲመጣ የጣራንታን አቀበት መሣሪያው የወጣው በከብት ጀርባ አልነበረም፤ ሰዎች እየተፈራረቁ በትከሻቸው ተሸክመውት ነው። የከበረውን ዕቃ ለየትኛው ትከሻ እንደሚሰጡ ማወቅ ከዚያን ጊዜም ጀምሮ የመንገደኛ ዋና ዕውቀት ነበር።

መኪና ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ግድም፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ወደ ጎጃም ግን የመኪና መንገድ እንዲህ በቶሎ አልደረሰም። ሰውንና ጓዝን በምን እናጓጉዝ የሚለው ጥያቄም እጅግ መራራ ሆኖ የተነሣው እዚሁ ምዕራብ ጎጃም ላይ ነው።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኡም ኢድላ በኩል ከሱዳን ድንበሩን ተሻገሩ። አብሯቸው የነበረው እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት ነው። ካሚዮኖች ነበሩ፤ ዳሩ ግን ቁጥቋጦውና ደረቁ ወንዝ እየያዘ አላንቀሳቅስ አላቸው። ስለዚህ ጥይቱና ስንቁ በግመል ተጫነ። የግመሎቹ ቁጥር አሥራ አምስት ሺህ ገደማ እንደነበር ይነገራል። ግመል የቆላ እንስሳ ነው። የጎጃም አቀበት፣ ድንጋዩና የደጋው ብርድ ፈጀው። ጦሩ የካቲት ማለቂያ ላይ ቡሬን ሲይዝ የመጣበት መንገድ በግመል ሬሳ የሚታወቅ ሆኖ ነበር። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ። ከዚያ ሁሉ ግመል ግን አዲስ አበባን ያየው እጅግ ጥቂት ነው። ግመል ደካማ ሆኖ አይደለም። የተመረጠው ጉዞው በሚጀመርበት በረሃ ነው፤ ጉዞው የሚፈትነው ግን ዳገቱ ላይ ነው።

ከነጻነት በኋላ ሎንቺና መጣ። የዕድሜ ባለጠጎች ያስታውሱታል። ብዙው በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተሠራ አውቶቡስ ነው፤ ባሌስትራው ወፍራም፣ ወንበሩ ደረቅ። ከኋላው መሰላል፣ ከጣራው ፖርቶ መጋላ አለው። ጌሾው፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ ዶሮው ሳይቀር ሸራ ለብሶ፣ በገመድ ተጠፍሮ ጣራ ላይ ይወጣል። እነሆ በዚያች ቀን በቅሎና አህያ አንድ አካል ሆኑ። ሰው ከታች፣ ጓዝ ከላይ። ሎንቺናው ይህን የቻለው ከመጀመሪያው ለሸክም የተበጀ ስለነበረ ነው።

ሚኒባስ ሌላ ፍጡር ነው። ቶዮታ ሃያስን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው በ1960 ዓ.ም. ግድም ነው። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ከመናኸሪያ ወረፋም ያድናል። እኛ ግን ሚኒባሱን ስንሳፈር ልባችን ከሎንቺናው ጋር ቀርቷል። ጣራ ባየን ቁጥር ጭነት ያምረናል።

ወደ እኛ ጉዞ ልመለስ። ስንሄድ ሻንጣችን ትንሽ፣ መንገዱ ደስታ ነበር። ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን አልፈን፣ በጢሊሊ በኩል ታጥፈን ሰከላ ደረስን። ስለ አቡነ ዘርዐ ብሩክ የሚነገረውን በቦታው ሰማን። ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ ውኃው አንድ ፊደል ሳያጠፋ መለሰላቸው ይባላል። አክስቴ ይህን ሲሰሙ «ተሸካሚ ማለት እንዲህ ነው» አሉ። ሁላችንም ሳቅን።

ስንመለስ ግን ጣራው ላይ አሥራ አራት ጀሪካን ጠበልና አንድ ኩንታል ጤፍ ተጭኖ ነበር። ሒሳቡን ያኔ አልሠራሁትም። ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው፤ አሥራ አራቱ 280 ኪሎ። ከጤፉ ጋር 380። ሾፌሩን ጨምሮ አሥራ ሁለት ሰው ከውስጥ ተቀምጦ፣ ሌላ ስድስት ጎልማሳ ጣራ ላይ አስቀምጠናል ማለት ነው።

ደጀንን አልፈን ወደ ዓባይ ሸለቆ መውረድ ጀመርን። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። በየኩርባው መኪናው ወደ ጎን እየተጋደመ ዘግይቶ ይቃናል። ጥቂት እንደወረድን የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመና ለጎማው ድንጋይ አስደገፈ። የፍሬኑ ሸራ ግሎ ነበር።

«አይዞዎት እማማ፣ ትንሽ ሲቀዘቅዝ እንሄዳለን» አላቸው።

አክስቴ ወርደው ጣራውን ቀና ብለው አዩ። «ልጄ፣ ያ ሁሉ ከላይ ያለው ነው የሚገፋህ?»

ሾፌሩ ዝም አለ።

«አውርዱት።»

ተንጫጫን። ያን ያህል መንገድ ለዚሁ ጠበል አይደል የመጣነው? እኔም፣ ባለ ሹመቱ፣ ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ እንታገሥ አልሁ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው እንዲህ አሉ፦ «ጠበሉ ለሰው ነው እንጂ ሰው ለጠበሉ አይደለም።»

አሥራ ሁለቱን ጀሪካን እግር ከማይረግጠው ዛፍ ሥር አፈሰስነው። ጤፉን ለሁለት ከፍለን ከእግራችን ሥር አደረግነው። ሁለት ጀሪካን ይዘን፣ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ እያዘገመ ወረድን፤ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግረንም ወደ ጎሃ ጽዮን ወጣን። የልጅ ልጃቸው እስከ ዐቢይ ጾም የተጠመቀው ከዚያችው ጠበል ነው።

ያንን ቀን ሳስብ ጥፋቱን በሾፌሩ ላይ መጣል ይቀናኛል። ግን ጫን ያልነው እኛ ነን፤ የመረጥሁትም እኔ። በወንበር ብዛት መርጬ በጀሪካን ብዛት ፈተንሁት። ዛሬ ዘመድ «ለሩቅ መንገድ የቱ መኪና ይሻላል?» ሲለኝ መልሼ እጠይቃለሁ። ስትሄዱ ሳይሆን ስትመለሱ ምን ትይዛላችሁ? ከቁልቁለቶቹ ሁሉ የባሰው የቱ ነው? ጓዙ ከበዛ ለብቻው በጭነት መኪና ይላክ፤ ሰው ለብቻው ይሂድ። አዲስ ጥበብ አይደለም፤ የሲራራ ነጋዴው ያውቀው የነበረ ነው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ደግሞ በዚያ መንገድ ላይ ሌላ ጥያቄ ተጨመረ። መንገዱ ተደጋግሞ ተዘጋ፤ የመኪናው ስፋት ወሬ መሆኑ ቀረ። አክስቴ በየጥምቀቱ «ዘንድሮስ ይኬድ ይሆን?» ይሉኛል። ያን ጊዜ በመስኮት አይተናት ያለፍናት ከተማ ትዝ ትለኛለች። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው።